በአንድ ምልክት ሁለት ስውር ቁጥሮች

በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በእስክንድርያ እንደኖረ የሚታመነው የሒሳብ ሊቅ ዲዮፋንተስ ላልታወቀ ቁጥር የነበረው ምልክት አንድ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ «አሪትሜቲካ» የተሰኘው ሥራው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁለት ቁጥሮችን የሚፈልግ ነው፦ ድምራቸው 100፣ ልዩነታቸው 40 ነው። ዲዮፋንተስ ትንሹን በምልክቱ ጠራና ትልቁን «ትንሹ ሲደመር 40» አለው። የሁለቱ ድምር እንግዲህ የትንሹ እጥፍና 40 ነው፤ ይህ 100 ከሆነ እጥፉ 60፣ ትንሹ 30፣ ትልቁ 70 ይሆናል። ዛሬ ተማሪዎች ሁለት መስመራዊ እኩልታዎችን በመተካት ዘዴ ሲፈቱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ይህን ዘዴ ከሌሎቹ አብልጬ የምወደው እያንዳንዱ እኩልታ የሰጠን መረጃ የት ላይ እንደዋለ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ትንሹን ሀ፣ ትልቁን ለ እንበል። ለ = ሀ + 40 ብለን ስንጽፍ ስለ ልዩነቱ የተነገረንን በሙሉ ተጠቅመንበታል። መልሰን እዚያው ለ − ሀ = 40 ውስጥ ብንተካው የሚቀረን 40 = 40 ብቻ ነው፤ እውነት ነው፣ ስለ ሀ ግን ምንም አይነግረንም። እዚህ የደረሰ ተማሪ ስሌት የተሳሳተ ይመስለዋል። ስሌቱ ደህና ነው፤ የጎደለው አዲስ መረጃ ነው። ሀ + ለ = 100 እና 2ሀ + 2ለ = 200 ቢሰጡንም ተተክቶ የሚወጣው 200 = 200 ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ድግግሞሽ ስለሆነ መልሱ ማለቂያ የለውም። በ200 ፋንታ 210 ቢሆን ደግሞ 200 = 210 ላይ እንደርሳለን፤ ሁለቱን የሚያስማማ ቁጥር የለም ማለት ነው።

የማስወገድ ዘዴ አይፈጥንም ወይ የሚል ይኖራል። ይፈጥናል፤ ድምሩንና ልዩነቱን ብንደምር 2ለ = 140 ወዲያው ይወጣል። እኩልታዎቹ ሲበዙማ ኮምፒውተሮችም በሒሳብ ሊቁ ጋውስ ስም የሚጠራውን ማስወገድ በስፋት ይጠቀማሉ። ግን ያም በተለመደው አሠራሩ የሚያልቀው በመተካት ነው፦ የመጨረሻው ቁጥር ሲገኝ ወደ ላይ እየተመለሱ የቀሩትን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ከዚያም በላይ መተካት መስመራዊ ባልሆኑ እኩልታዎችም ላይ ይሠራል። ዲዮፋንተስ በዚያው መጽሐፍ ሲደመሩ 20፣ ሲባዙ 96 የሚሆኑ ቁጥሮችን ይፈልጋል። እነዚህን እኩልታዎች እንዳሉ ደምሮ ወይም ቀንሶ አንዱን ስውር ማጥፋት አይቻልም። እሱ ግን አንዱን «10 ሲደመር ስውሩ»፣ ሌላውን «10 ሲቀነስ ስውሩ» አላቸው፤ ድምሩ ገና ከአሰያየሙ ተሟላ። ሲባዙ ከ100 ላይ የስውሩ ካሬ ይቀነሳል፤ ውጤቱ 96 እንዲሆን ካሬው 4፣ ስውሩ 2፣ ቁጥሮቹም 12 እና 8 ናቸው።