ከበረዶ በታች ላለ ዓሣ ምን ይሰካለታል?

ሚኔሶታ ውስጥ ጥር ላይ ሐይቁ የእግር መንገድ ይሆናል። ሰው በረዶውን በመሰርሰሪያ ሸንቁሮ፣ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና በአጭር ዘንግ ዓሣ ይጠብቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሐበሻ የማባበያ ሱቅ ሲገባ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ማቀዝቀዣው ትል፣ ገንዳው ደግሞ ትንንሽ ዓሣ ሞልቶታል። የቱ ይገዛ?

መልሱን የሚሰጠው ውሃው ነው። ውሃ ከምንጊዜውም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሲቀዘቅዝ እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በረዶው ከላይ ሲጋገር ታች 4 ዲግሪ ገደማ የሆነው ውሃ ይቀራል። የዓሣ ሰውነት ሙቀት ደግሞ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ያኔ ሆዱ ምግብ ቶሎ አይፈጭም፤ ዓሣው ጥቂት ይበላል፣ ለማሳደድም ይሰንፋል። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው ትንሹን ማባበያ ቢይዝ ይሻለዋል።

ብሉጊል፣ ክራፒና ፐርች ለሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ከሁሉ የምትቀናው የሰም ትል ናት። ንብ አናቢዎቻችን ይህችን ትል አሳምረው ያውቋታል፤ ቀፎ ገብታ ሰሙን እየቦረቦረች ንቡን የምታስኮበልል ጠላታቸው ናት። እዚያ ግን ሰው በገንዘቡ ይገዛታል። ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነች መንጠቆ ሲወጋት ፈሳሿ ይወጣል፣ ሽታውም ዓሣ ይጠራል። ባዶ ቆዳ ከሆነች በኋላ ግን ጥቅም የላትም፤ መቀየር ነው። የዝንብ እጭ ከእሷ ታንሳለች፣ ቆዳዋ ግን ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አትቀደድም። ቀይ የተቀባችውን የሚመርጡ አሉ፤ ክረምት ከበጋ ጭቃው ውስጥ የሚኖሩትና ዓሣው የለመዳቸው ጥቃቅን እጮች ብዙዎቹ ቀይ ናቸውና። ትሎቹ በብርዱ በረዶ እንዳይሆኑ ዕቃቸው በካፖርት የውስጥ ኪስ ይያዛል። ቤት ሲደርሱ ፍሪጅ ውስጥ ከእንጀራው አጠገብ ማስቀመጥ ግን ከባለቤት ጋር ያጣላል።

ትሏ የምትሰካበት መንጠቆ ራሱ ክብደት ያለው ትንሽ ፍሬ አለው። ከተንግስተን የተሠራው ይመረጣል፤ ተንግስተን ከእርሳስ እጅግ ስለሚከብድ ፍሬው ትንሽ ሆኖም ቶሎ ይሰምጣል።

ዎልአይ የሚባለው ዓሣ ሌላ ጉዳይ ነው። ዐይኑ ውስጥ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው በድንግዝግዝ ያድናል፤ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ይጠብቁት። የሚወደው ሚኖ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ነው። ሚኔሶታ በበረዶ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት የመንጠቆ ክር ስለምትፈቅድ፣ በአንዱ ሕያው ሚኖ ከጀርባዋ ክንፍ ሥር ተወግታ እንድትዋኝ ይለቋታል፤ በሌላው የሚኖ ጭንቅላት ብቻ በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ሰክተው ከፍ ዝቅ ያደርጉታል።

ፓይክ እንዲህ አይራቀቅም። ብርዱ ሲጠናበት የሞተ ዓሣም ከወለል ለቅሞ ይበላል፤ ቅባትና ሽታ ያለው ሙት ዓሣ ታች አስቀምጦ፣ ዓሣው ሲስብ ባንዲራ ብድግ በሚያደርገው መሣሪያ መጠበቅ ነው። ጥርሱ ክሩን ስለሚበጥስ ከመንጠቆው በላይ የብረት ሽቦ ይታሰራል።

የተረፈ ማባበያ ወደ ሐይቁ አይጣልም፤ ሕጉ ይከለክላል፣ የባዕድ ሐይቅ ተባይና በሽታ ሊያዛምት ይችላልና።

ዓሣው መጥቶ አሽትቶ ከተመለሰስ? ቀዳዳውን ከመቀየር በፊት ማባበያውን በግማሽ ማሳነስ፣ እጅንም ማረጋጋት ይሞከር። ብዙ ጊዜ ዓሣውን የሚያባርረው የሚወዛወዝ እጅ ነው።