ሲጫወት አጨብጭበን፣ ሲኖር ለምን እንሰድበዋለን?

እስቲ ልጠይቃችሁ ወጣቶች! ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ መድረክ ላይ ሲወጣ ስቃችሁ አታውቁም? እኔ ስቄያለሁ፤ አጨብጭቤያለሁም። አያቶቻችንም ሳያጨበጭቡ አልቀሩም። ከ1927 ዓ.ም. የሚነሳው የሀገር ፍቅር ቴአትር በመጀመሪያ ዘመኑ፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ የሴቷን ቦታ ይሸፍኑ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ጨዋታ ነዋ!

ችግሩ የሚመጣው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ተጫዋቹ ከመድረክ ወርዶ «ይሄ ትወና አይደለም፣ እኔው ነኝ» ያለ ዕለት ጭብጨባው ወደ ስድብ ይለወጣል።

ይህን ያነሳሁት ከቂሊንጦ በደረሰኝ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ቂሊንጦ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እስር ቤቱ ነው። የጸሐፊዋ ታናሽ ወንድምም ቂሊንጦ ታስሯል ማለት ይቻላል፤ ግን ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወላጆቹ ቤት ነው። በየሰርጉ የሙሽራዋን እናት እየሆነ ሲጨፍር ሰፈሩን በሳቅ ይገድል ነበር። አንዱ በሞባይል ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ስድቡና ዛቻው ሲዘንብ ልጁ ከቤት መውጣት አቆመ። አንድ ሌሊት ደግሞ ለእህቱ «እኔ እኮ ስጫወት አልነበረም፤ ውስጤ እንደዛ ነው» አላት። «ምን ልበለው?» ትለኛለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ የአንድ ሰው ታሪክ ላጫውትሽ። አዲስ አበባ ያደጉ የመድረክ ሰው ናቸው፤ ፋሽን ዲዛይነርም። ወንድ ወይም ሴት ከሚሉት በአንዱ ብቻ መጠራትን አይቀበሉም። አማርኛችን ደግ ነው፤ «እሱ» ልበል «እሷ» ብሎ ለተቸገረ ሰው «እሳቸው» የሚል የአክብሮት ቃል አስቀምጧል። ባለታሪካችን እ.ኤ.አ. በ2017 ከሀገር ወጥተው ኑሯቸውን ኦስትሪያ፣ ቪየና ከተማ አደረጉ። መድረኩንና ሙግቱን አጣምረው ያዙ፤ እንደሳቸው ላሉ ኢትዮጵያውያን የሚሟገተውን «ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የተባለ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ጉራማይሌ ድብልቅ ማለት አይደል? ስሙ ራሱ ይናገራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023፣ የሰዎችን ስምና ፎቶ እያወጡ ለጥቃት የሚቀሰቅሱ ቪዲዮዎችን ቲክቶክ እንዲያስወግድ በአደባባይ ጠይቋል።

ልብ በይ! ባለታሪካችን ድምጻቸውን ከፍ አድርገው የሚናገሩት ከዛቻው ርቀው ነው፤ ዋጋውም ያደጉበትን ከተማ ትቶ መኖር ነው። ስለዚህ ወንድምሽን «ወጥተህ ለዓለም ተናገር» የሚለው ካለ አትስሚው። ቂሊንጦ ቪየና አይደለም። ዝም ማለቱም ፈሪነት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» በይው፤ ለጊዜው ይኸው ይበቃል። ምስጢሩን ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለጓደኛ እንዳታወጪ። ቪዲዮውንና ዛቻዎቹን ከነቀናቸው ስልክሽ ላይ አስቀሪና ለቲክቶክ ሪፖርት አድርጊ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 መሠረት በኢንተርኔት ሰውን ማስፈራራት ያስቀጣል። ሆኖም ክስ ከማሰባችሁ በፊት ምስጢር የሚጠብቅ ጠበቃ አማክሩ፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ ስለሚቀጣ ነገሩ ወደ ራሱ እንዳይዞር መጠንቀቅ ያሻል። ሕጉ የሚቀጣው ግን ድርጊትን ነው፤ ስለ ጭፈራም ስለ ቀሚስም አንቀጹ አንዲት ቃል አይናገርም። ምግብ ከዘጋ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ሞትን ካነሳ ደግሞ ለብቻው አትተዪው፤ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ።

ለናንተ ለቀራችሁት ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲገባ፣ የምትሉት ነገር ቢኖራችሁ እንኳ፣ ለሌላ አታስተላልፉት። በሰርጋችን ያሳቀንን ልጅ ቤቱ ውስጥ ያሰረው ፖሊስ አይደለም። የኛው ጣት ነው።