ዝቃጩን ቀቅሉት

የበሰበሰ ሙዝ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና ልጣጭና የጠላ አተላ ሃይድሮጅን ይሰጣሉ ሲባል የሚስቅ ሰው ብዙ ነው። ሽሮ በልቶ ሆዱ የተነፋበት ሰው ግን ባይስቅ ይሻለዋል፤ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያልተፈጨውን እያብላሉ ሃይድሮጅን እየሠሩ ነው። ከፊሉም በደም ተጉዞ በሳንባ ይወጣል። ሐኪሞች ወተት የማይስማማውን ሰው ከሚለዩባቸው መንገዶች አንዱ ትንፋሹ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን መለካት ነው።

መሠረቱ አጭር ነው። አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ስኳር የሚበላ ባክቴሪያ ትርፍ ኤሌክትሮኑን የሚያራግፍበት ኦክስጅን ስለሌለው፣ ሃይድሮጂኔዝ በተባለ ኤንዛይም ሃይድሮጅን አድርጎ ይጥለዋል። ለኤንዛይሙ ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1931 ካምብሪጅ ውስጥ ማርጆሪ ስቲቨንሰንና ባልደረባዋ ስቲክላንድ ናቸው።

የሚያናድደኝ «ያው ባዮጋዝ አይደል?» የሚሉት ነገር ነው። አይደለም! ባዮጋዝ ውስጥ የሚነደው ሚቴን ነው። የእበት ጉድጓድ ውስጥም ሃይድሮጅን ቀን ከሌት ይሠራል፤ ግን ደጅ ሳይወጣ ይበላል። ሚቴን ሠሪ ተሕዋስያን አራት ሞለኪውል ሃይድሮጅን ከአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ወስደው አንድ ሚቴን ይሠሩበታል። ስለዚህ ዋናው ጭንቅ ሃይድሮጅን የሚሠራ ማግኘቱ ሳይሆን የሚበላውን ማስወገዱ ነው።

መላው ደግሞ የወጥ ቤት መላ ነው። ከባዮጋዝ ጉድጓድ የተቀዳውን ጥቁር ዝቃጭ ጥዶ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት መቀቀል፤ ከዚያ ከነሙዙና ከነአተላው ጋን ውስጥ መጨመር። ሚቴን ሠሪዎቹ ያልቃሉ። ክሎስትሪዲየም የሚባለው ሃይድሮጅን ሠሪ ወገን ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ስፖር ሆኖ ይሸሸጋል፤ የፈላ ውሃም አይገድለውም። ሲበርድለት ይነቃና ማዕዱን ብቻውን ይይዛል። የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች በተራ ፍል ውሃ የማይተማመኑት ይህንኑ የክሎስትሪዲየም ጠባይ ፈርተው ነው።

ይህ ሲሠራ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሽታው ከልብሴ አልለቅ ብሎኝ ነበር። የተበላሸ ቅቤ ሽታ ነው፤ ቡቲሪክ አሲድ የሚባለው ከጋዙ ጋር አብሮ ይወጣል። አንድ ተማሪ ደግሞ «ምን ያመጣል» ብሎ ዝቃጩን ሳይቀቅል ጋኑ ውስጥ ጨመረው። የመጀመሪያው ቀን ጋዝ ጥሩ ሃይድሮጅን ነበረው። እያደር ግን ሚቴኑ እየበዛ ሃይድሮጅኑ ጠፋ፤ ልጁም መለኪያውን ሲወቅስ ከረመ። ኮምጣጣነቱን የማይለካም እንዲሁ ነው፤ ፒኤቹ ወደ 5.5 አካባቢ ካልተያዘና አሲዱ ከበዛ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ሥራ ያቆማሉ። በጋኑ አጠገብ ክብሪት ለሚጭር ሰው ደግሞ ምክር የለኝም፤ የሃይድሮጅን ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል።

ምርቱን ማጋነን አልወድም። ከ180 ግራም ግሉኮስ በዚህ መንገድ ቢበዛ 8 ግራም ሃይድሮጅን፣ ማለትም 90 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ሌላው ጉልበት አሲዱ ውስጥ ቀርቷል። ብርሃን እየሞቁ ከአሲዱ ሃይድሮጅን የሚያወጡ ሐምራዊ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ ተመራማሪዎቹ ጌስትና ካመን ሐምራዊ ባክቴሪያ በብርሃን ሃይድሮጅን እንደሚሠራ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ብርሃኑን ወደ ጋኑ ሆድ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

እኔ ከጋኑ የሚተርፈውን ኮምጣጣ ውሃ ሲደፉት ሳይ ያንገበግበኛል። ሌላ ጋን ውስጥ ጨምሩት፤ ለዚያኛው ዝቃጩን አትቀቅሉ። ቅድም ያባረርናቸው ሚቴን ሠሪዎች የሚፈልጉት እሱን ነው።