ቡገንቪሊያን ውሃ አታስለምዱት

በአዳማ፣ በሞጆና በባቱ በየአጥሩ ላይ የሚቀላውን ቡገንቪሊያ ታውቁታላችሁ። ቀዩ ግን አበባው አይደለም፤ ቅጠል ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ በሦስቱ ቀያይ ቅጠሎች መካከል ነጫጭ ደቃቅ አበቦች ታገኛላችሁ።

ተክሉ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። በበጋ ድርቁ ሲጠና ቅጠሉን ቢያረግፍ፣ ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት።

እኔ ራሴ ተማሪዎቼን በጀሪካን እያስቀዳሁ የግቢያችንን ቡገንቪሊያ ጠዋት ማታ ሳጠጣ ከረምኩ። ያተረፍኩት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነው! ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ያበዛል፤ ትንሽ ሲጠማ ግን ይደምቃል።

ስለዚህ ችግኙን ሥር እስኪሰድ ድረስ አጠጡት። ከዚያ ወዲያ በስንት ድካም የተቀዳውን ውሃ ለቤታችሁ አውሉት። ቀለሙ ሲያልቅ ከርክሙት፤ በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ያብባል።