ለሥራ ውጭ አገር የሄደ ሰው ግብር የሚከፍለው ለማን ነው?

ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳም ሆነ ከገለምሶ ለሥራ ወደ ሳዑዲ አረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ግን ስለ ቪዛና ስለ ደመወዝ እንጂ ስለ ግብር አይደለም። «እዚያ ግብር የለም፣ እዚህ ደግሞ እኔ የለሁም» ተብሎ ይታለፋል። የአካውንቲንግ ተማሪ ቤተሰብ ሲጠይቀው ምን ብሎ ይመልስ? እስቲ ሕጉን እንመልከት።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሰውን የሚለየው በዜግነት ሳይሆን በነዋሪነት ነው። ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትም አገር ባገኘው ገቢ፣ ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ ከኢትዮጵያ በመነጨ ገቢ ላይ ብቻ ግብር አለበት። የብዙ አገሮች አሠራር ይኸው ነው። አሜሪካ ግን ዜጋዋን የትም ቢኖር ግብር ትጠይቃለች፤ ኤርትራም ውጭ ካሉ ዜጎቿ 2 በመቶ ትሰበስባለች።

ለመሆኑ ነዋሪ ማን ነው? አዋጁ ሦስት መንገድ ያስቀምጣል፦

1ኛ/ በኢትዮጵያ ቋሚ መኖሪያ ያለው፣
2ኛ/ ውጭ አገር የተመደበ ኢትዮጵያዊ ዲፕሎማት፣ ቆንስላ ወይም ተመሳሳይ ሹም፣
3ኛ/ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ እየተመላለሰ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ።

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው 183ን ብቻ ነው። «ሰባት ወር ከወጣሁ ነፃ ነኝ» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ ከተሟላ ይበቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቋሚ መኖሪያ የሚለው የሰውየው ሥራና ጥቅም ዋና ማዕከል የሆነውን፣ በዘላቂነት ሊኖርበት ያሰበውን ቦታ ነው። እንግዲህ የ2 ዓመት ኮንትራት ፈርማ፣ ባሏን፣ ልጆቿንና ቤቷን ጭሮ ትታ ጅዳ የሄደች ሴት ቋሚ መኖሪያዋ አሁንም ጭሮ ነው ሊባል ይችላል። ቤተሰቡን ይዞ ጠቅልሎ ካናዳ የገባው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሁለት አገሮች አንድን ሰው «የኔ ነዋሪ ነው» ቢሉስ? ለዚህ ነው የተደራራቢ ግብር ማስቀረት ስምምነት የሚደረገው። ኢትዮጵያ ከሳዑዲ አረቢያ ጋር ስምምነት አላት። በእንዲህ ዓይነት ውሎች የተለመደው መጀመሪያ ቋሚ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቀጥሎ የኑሮውና የጥቅሙ ማዕከል የት እንደሆነ ማየት ነው።

አገር ቤት የቀረ ንብረት ግን አያከራክርም። ሂርና ያከራየው ቤት ካለው ነዋሪ ሆነም አልሆነ ገቢው ከኢትዮጵያ የመነጨ ስለሆነ ግብር አለበት። ሱቁን ዘግቶ ንግድ ፈቃዱን ሳይመልስ የሄደም መዝገቡ ላይ ግብር ከፋይ ሆኖ ይቆያል፤ ሲመለስ ቅጣት ሊጠብቀው ይችላል። በአንጻሩ ለእናት ለአባት በስጦታ የሚላክ ገንዘብ ለተቀባዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በ2017 በተሻሻለው አዋጅ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። እዚህ 12,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ የሥራ ግብሩ 2,250 ብር ነው። ሳዑዲ ደግሞ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ታዲያ ትርፍ ብቻ ነው ማለት አይደለም። እዚህ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥለታል፣ አሠሪውም 11 በመቶ ይጨምርለታል። እዚያ ያሳለፈው ዓመት ግን ለአገር ቤት ጡረታው በራሱ አይቆጠርለትም።

ስለዚህ ለመሄድ ለተነሳ ዘመድ የምንመክረው ይህን ነው፦ ንግድ ካለህ ፈቃዱን መልሰህ ክሊራንስ ውሰድ፤ የሚከራይ ቤት ካለህ ግብሩን የሚከፍል ሰው በውክልና ተው፤ የሥራ ውልህንና የመውጫ የመግቢያ ማኅተም ያለበትን ፓስፖርት አትጣል። ነዋሪ ነህ አይደለህም የሚለው ክርክር ሲመጣ የሚታየው ወረቀት ነው።