ከቅቤው በፊት

በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በገሳይና በአካባቢዋ፣ ለተወለደ ሕፃን ለጋ ቅቤ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነው። አያቲቱ ቅቤውን መዳፏ ላይ ታሟሟለች፤ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራም ገና ዓይኑን ካልገለጠው ልጅ ከንፈር ላይ ታሳርፈዋለች። ጉሮሮው እንዲርስ፣ አንጀቱ እንዲለሰልስ ብላ ነው። በዚህ ውስጥ ከፍቅር በቀር ሌላ ነገር የለም። አዋላጇ ግን «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ትላለች። ከእናት ጡት በፊት ምንም እንዳይቀምስ የሚመከርበት ምክንያት ብዙ ነው። እምብዛም የማይነገረው ግን ይህ ነው፦ ቅቤው የሚወርድበት መንገድ ላይኖር ይችላል።

ያ መንገድ መሠራት የሚጀምረው እናት መፀነሷን በቅጡ ሳታውቅ ነው። በ4ኛው ሳምንት መጀመሪያ ፅንሱ እንደ ቂጣ ዝርግ ነው፤ ሳምንቱ ሲያልቅ እንኳ መጠኑ የምስር ፍሬ ያህል ቢሆን ነው። የዝርጉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መሐሉ ላይ ቀጭን ቱቦ ይፈጠራል። ጨጓራና አንጀት ብቻ ሳይሆኑ ጉበትና ቆሽትም ከዚህ ቱቦ ይበቅላሉ።

ሳንባም መነሻው ከዚሁ ነው። የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ መጀመሪያ አንድ ስለነበሩ መለያየት አለባቸው። መለያየቱ ሲሰናከል የምግብ ቧንቧው ደረት ውስጥ ተደፍኖ ይቀራል፤ የታችኛው ቁራጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአየር ቧንቧው ጋር ይያያዛል። ከ4,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ልጅ ምራቁን እንኳ መዋጥ ስለማይችል አፉ አረፋ ይሞላል፤ ሊጠባ ሲሞክር ትን ይለዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ቅቤ ቢሰጠው ሳንባው ውስጥ ይገባል። በማሕፀን ሳለም ፍንጭ አለው። ፅንስ የሽርት ውሃ ይውጣል፤ መዋጥ ሲያቅተው ውሃው ይጠራቀምና የእናቲቱ ሆድ ከወሩ በላይ ይገፋል።

ከሁሉ የሚደንቀው የመካከለኛው አንጀት ጉዞ ነው። በ6ኛው ሳምንት አንጀት ከሆድ ቀድሞ ያድጋል፤ ጉበትም ቦታውን ይይዝበታል። ስለዚህ አንጀቱ ከሆድ ወጥቶ እትብት ውስጥ ይገባል። እዚያ እየዞረ ይረዝማል፤ በ10ኛው ሳምንት ገደማ ሆዱ ሲሰፋ ይመለሳል። ዙሩን ሲጨርስ 270 ዲግሪ ዞሯል። ሳይመለስ ከቀረ ሕፃኑ አንጀቱ እምብርቱ ላይ በስስ ከረጢት እንደተሸፈነ ይወለዳል። ተመልሶ ዙሩን ካላስተካከለ ግን ከውጭ ምንም አይታይም፤ አንጀቱ አንድ ቀን በራሱ ላይ ተጠምዝዞ የደም ሥሩን ሊያንቀው ይችላል። አራስ ልጅ አረንጓዴ ካስመለሰ የቀረው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም።

አንጀትን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ደግሞ ከአንገት አካባቢ ተነሥተው እስከ ፊንጢጣ ይጓዛሉ። ከ5ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ይፈጅባቸዋል። መንገድ ላይ ከቆሙ ነርቭ ያልደረሰው የአንጀት ክፍል ጭምድድ ብሎ ይቀራል፤ ከበላዩ ያለው ይነፋል። ሕመሙ በ1886 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለት ሕፃናት ታሪክ ባቀረበው በዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም በሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ስም ይጠራል።

ፊንጢጣው ሳይከፈት የሚወለድም አለ፤ ከ5,000 አንድ ያህል። ይህ በዓይን የሚታይ ነው፤ ያም ሆኖ ሕፃኑ እንደተወለደ በጨርቅ ከተጠቀለለ ያልፋል። ሴት ልጅ ላይ ሰገራው በሌላ ቀዳዳ ስለሚወጣ ቤተሰቡ ደኅና ነች ብሎ ሊቆይ ይችላል። አዋላጇ ጨርቁን ገልጣ፣ ሁለቱን እግሮች ከፍ አድርጋ የምታየው ለዚህ ነው። ሬንጅ የመሰለው የመጀመሪያው ዓይነ ምድር በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣቱንም እናቲቱን ትጠይቃለች።

እናቲቱን የሚጠይቃት ግን ብዙ ነው። ምን በላች፣ ማን ረገማት፣ የማን ዓይን አረፈባት ይባላል። ይህ ግፍ ነው። በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የታወቀ ምክንያት አይገኝም፤ በጥቂቶቹ ከዳውን ሲንድረም ወይም ካልታከመ የእናት ስኳር ጋር ይያያዛል። ነገሩ የጀመረው እርሷ የወር አበባዋ ለምን እንደዘገየ በምታስብበት ሰሞን ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ74 አገሮች ባሉ 264 ሆስፒታሎች የታከሙ 3,849 ሕፃናትን የተመለከተ ጥናት አውጥቶ ነበር። ከእነዚህ መሰል ችግሮች ጋር ተወልደው ሆስፒታል ከደረሱት መካከል በድሃ አገሮች 39.8 በመቶው ሞተዋል፤ በሀብታም አገሮች 5.6 በመቶው። የተፈጥሮ ጉድለቱ ያው ነው፤ የተለየው ሐኪሙ፣ ኦክስጅኑ፣ ሙቀቱና መንገዱ ነው።

ከገሳይ የሚነሣ ሕፃን መጀመሪያ ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ከዚያም የሕፃናት ቀዶ ጥገና ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የጉና ብርድ ለአራስ ገላ ክፉ ነው። ስለዚህ ልጁ ራቁት ገላው ከእናቱ ደረት ጋር ተጣብቆ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ከላይ በጋቢ ተሸፍኖ ይሄዳል። የምግብ ቧንቧው የተደፈነ ከሆነ ምራቁ እንዳያንቀው በየጊዜው ይመጠጥለታል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የተወለደበት ሰዓት፣ ያስመለሰው ቀለም፣ ዓይነ ምድሩ መውጣት አለመውጣቱ ይጻፋል፤ በአፉ የገባ ነገር ካለ፣ አንዲት ጣት ቅቤም ብትሆን፣ እሷም ትጻፋለች።