የአንኮበር ቤተ መንግሥት ሥዕል ጨረታ ላይ ሲወጣ «መልሱልን» ማለት እንችላለን?

አንኮበር ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ቦታውን ታስታውሱታላችሁ። ዳገቱን ጨርሳችሁ ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ስትደርሱ፣ ከጥንቱ ግቢ የቀረው ጥቂት የግንብ ፍርስራሽ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተቀመጡበት፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት የነበሩበት አንኮበር ማለት ነው።

ታዲያ ያኔ ምን ይመስል ነበር? ካሜራ ሸዋ ሳይደርስ የተሳሉ ሥዕሎች አሉ። ያሉት ግን አውሮፓ ነው፤ በየጊዜውም ለሽያጭ ይቀርባሉ። ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

▪️ ማን ሳላቸው?

እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ ልዑክ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመዋዋል ሸዋ ገባ። ከልዑኩ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። ልዑኩ እስከ 1843 ሲቆይ፣ በርናትዝ የሸዋን ተራራ፣ ሰዉንና የንጉሡን መቀመጫዎች እየዞረ ሳለ። ከዚያ በ1852 ለንደን ላይ በሁለት ቅጽ ታተመለት፤ በሊቶግራፍ የተሠሩ 48 ሥዕሎች። ሁለተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ስለ ሸዋ ደጋ ነው።

▪️ ለምን ቅጠል በቅጠል ይሸጣል?

መልሱ ገንዘብ ነው። አንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው። ነጋዴው መጽሐፉን ፈትቶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቢሸጥ ግን ፍሬም አድርጎ ሳሎኑ ላይ የሚሰቅል ገዢ አያጣም። በዚህ ምክንያት አንኮበር አንድ ሰው ቤት፣ አንጎለላ ሌላ አገር ይገባሉ። አብረው የነበሩት ሥዕሎች እንደገና አይገናኙም።

▪️ ጨረታው እንዴት ይሠራል?

የጨረታ ቤቱ ለዕቃው ቁጥር ይሰጠዋል፤ «ከዚህ እስከዚህ ያወጣል» የሚል ግምትም ያትማል። ሻጩ «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚልበት የተደበቀ ዋጋ ሊኖር ይችላል። መዶሻው ሲመታ የተጠራው ዋጋም የመጨረሻው አይደለም፤ ገዢው ኮሚሽን ይጨምራል። ትልልቆቹ ቤቶች ጋ ይሄ ከ20 በመቶ በላይ ይደርሳል። ከዚያ ላይ ማጓጓዣና ቀረጥ አለ። «ርካሽ ነው እኮ» ያላችሁት ዕቃ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ዋጋው ሌላ ነው።

▪️ «መልሱልን» ማለትስ?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተምታታ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው ዝርፊያ ነው። ለዚህም ነው በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ የቀረቡ የመቅደላ ቅርሶች ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ በኋላ ከሽያጭ ወጥተው የተመለሱት። በ2024ም ከመቅደላ የተወሰደ ጋሻ ኒውካስል ላይ ሊሸጥ ሲል ከጨረታው ወጥቶ አዲስ አበባ መጣ።

ቻይናም ተመሳሳይ ቁስል አላት። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤይጂንግ አጠገብ ያለውን የዩዋንሚንግዩዋን ቤተ መንግሥት ዘርፎ አቃጠለ። ቤተ መንግሥቱን የሚያሳዩት 40 የሐር ላይ ሥዕሎች በ1862 ፓሪስ ላይ ጨረታ ወጡ፤ አሁን የሚገኙት በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ግቢው ፍርስራሽ፣ ሥዕሉ ባህር ማዶ። ከአንኮበር ጋር ይመሳሰላል አይደል?

ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የቻይናው ሥዕል ራሱ ከቤተ መንግሥቱ የተዘረፈ ነው። የበርናትዝ ኅትመት ግን ለንደን ላይ ታትሞ የተሸጠ መጽሐፍ ነው፤ ማንም ከአንኮበር አልሰረቀውም። ስለዚህ «መልሱልን» ብንል በሕግ የሚያስኬድ አይደለም።

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

ጥሩው ዜና እዚህ ነው። ሠዓሊው የሞተው በ1878 ነው፤ የቅጂ መብቱ ካለፈ ቆይቷል። ኅትመት ስለሆነም ብዙ ቅጂ አለው። ጥራት ያለው ቅጂ ከትልልቅ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ጠይቆ፣ በትልቁ አሳትሞ ሥዕሉ በተሳለበት ቦታ መስቀል ይቻላል። የጨረታ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን ይፈልጋል።

በእጅ የተሳለ ንድፍ ወይም የውሃ ቀለም ሥዕል ለጨረታ ከወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ አንድ ብቻ ነው፤ አንዴ ግለሰብ ቤት ከገባ ተመልሶ ላይታይ ይችላል። ገንዘብ ማዋጣት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሥዕሉ ፎቶ አይደለም። ሸዋ ላይ የተነደፈው አውሮፓ ውስጥ ነው ለኅትመት የተዘጋጀው፤ የሳለውም የውጭ መንግሥት ልዑክ ባልደረባ ነው። «ቤተ መንግሥቱ ልክ እንዲህ ነበር» ከማለታችን በፊት ከአገሬው ሽማግሌዎች ትውስታና ከቀረው ፍርስራሽ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እያለፉ ነው፤ ግንቡም በየክረምቱ ዝናብ ይመታዋል። ሥዕሉ ለንደን ላይ ሌላ መቶ ዓመት ይቆይ ይሆናል። ከሥዕሉ ጋር የሚተያየው ግን አይቆይም።

የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ልጆች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከአያቶቻችሁ ስለ ግቢው የሰማችሁት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።